ለነቀዝ፦ ክኒን ወይስ አየር የማያስገባ ከረጢት?

በቆሎ ጎተራ ገብቶ ጥቂት ወራት ሲቆይ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ክኒኑን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድን። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቅቃል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው።

ችግሩ፣ ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም። ማርከሻም የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት እህል በክኒን ማጠን በነፍስ መጫወት ነው። ደግሞ ጭቃ የተመረገ ጎተራ ጋዙን አይዝም፤ ያፈሳል። ያኔ ጠንካሮቹ ነቀዞች ይተርፉና እያደር መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሦስት ድርብ ነው፦ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ ማዳበሪያ። አፉ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ ራሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ከዚያ መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል፤ ይሞታል። መርዝ የሚባል ነገር የለም። ከተራ ማዳበሪያ ይወደዳል፤ ካልተቀደደ ግን ለከርሞም ያገለግላል። ጠላቱ አይጥ ናት። በየቀኑ ከተከፈተም ዋጋ የለውም።

እርጥብ እህል ከገባበት ደግሞ ይሻግታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

እኔ ለቤት ቀለብ ከረጢቱን እመርጣለሁ። ክኒኑ ለትልልቅ መጋዘንና ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። ጤፍ ብቻ የምታከማቹ ግን ብዙም አትጨነቁ፤ ፍሬዋ ከማነሷ የተነሳ ነቀዝ አይደፍራትም።