አዲሱ ጊታር ዝዝ ሲል፦ አንገቱን ወይስ ሳድሉን?

አዲስ አኮስቲክ ጊታር ዝዝ ካለ ብዙ ጊዜ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ማለትም ትረስ ሮዱን ማላላት ነው። ሌላው ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጩን ሳድል ከፍ ማድረግ ነው።

የቱ እንደሚሻል የሚነግራችሁ ድምፁ የሚወጣበት ቦታ ነው። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው) ባለው ከሆነ አንገቱን ጠርጥሩ። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ላይ ባንዴ ተጫኑት። 7ኛው ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር ትንሽዬ ክፍተት መታየት አለባት፤ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ክሩ ብረቱ ላይ ልጥፍ ካለ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል፣ ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ዘንጉን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አላሉት። ቃኙትና ሞክሩት። እምቢ ካለ እልህ አትጋቡ፣ ለባለሙያ ስጡት።

ክፍተቱ ደህና ሆኖ ከ12ኛው ፍሬት ወዲያ ዝዝ ካለ ግን ዘንጉን አትንኩ። ክሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከሳድሉ ሥር ስስ እንጨት ይገባል። ሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር ሲነሳ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ የሚነሳው ግማሹን ያህል ነው።

ካጠራጠረኝ እኔ ከአንገቱ እጀምራለሁ፤ ካልሆነ ወደነበረበት ይመለሳላ! በተለይ በበጋው ደረቅ አየር እንጨቱ ይለዋወጣል።

ክሩ ዝዝ የሚለው ባዶውን ሲመታ ብቻ ከሆነስ? ሁለቱንም ተዉትና ከላይ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነት አስመርምሩ።