ፍሪዶስ በመለዋወጫ መደብር ውስጥ፦ የስምንት ወር ልምድ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለችው የመኪና መለዋወጫ መደብሬ የዕቃ መዝገቡና የዱቤ ሒሳቡ የሚያዘው አንድ ዘመዴ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ቱርቦ ፓስካል በተባለው የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ በጻፈልን ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ዋና ኮድ ጠፍቷል፤ እኛ ግን እጃችን ስለለመደው ልንተወው አልቻልንም። አሮጌው ኮምፒውተር ባለፈው ጥቅምት ሲበላሽ ፍሪዶስ 1.3ን በሌላ ማሽን ላይ ጭኜ እስካሁን እየሠራሁበት ነው።

ፍሪዶስ ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው፣ ከማይክሮሶፍት የድሮ ሲስተም ከኤምኤስ-ዶስ ጋር የሚስማማ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ 1.3 የወጣው በ2022 ነው። በመጀመሪያ የሞከርኩት በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት ብቻ ስለነበረውና እንደ ድሮው ማስነሻ፣ እንደ ባዮስ፣ የሚሠራ አማራጭ ስላልነበረው ከፍላሽ እንኳ ሊነሣ አልቻለም። የዶስ ፕሮግራሞችን በሌላ ሲስተም ላይ የሚያሠራውን ዶስቦክስንም አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን በዋናነት ለጌም የተሠራ በመሆኑ ወደ ፓራለል ፖርት (የድሮው የፕሪንተር መሰኪያ) የሚልክ አይደለም፣ የእኔ ፕሪንተር ደግሞ የሚገናኘው በዚያው ፖርት ነው። በመጨረሻ የድሮው ባዮስና ፓራለል ፖርት ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ባለህ ማሽን ላይ ለማስገደድ ከመልፋት ማሽኑን ለእሱ ብሎ መምረጥ እንደሚሻል የገባኝ ያኔ ነው።

ዴስክቶፑ ወዲያው ተነሣ፣ ፕሮግራማችን ግን ገና ሲከፈት «ራንታይም ኤረር 200» ብሎ ቆመ። ምክንያቱ የሚያስገርም ነው፦ ሲአርቲ የሚባለው የቱርቦ ፓስካል ክፍል ሲጀምር ማሽኑ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚቆጥር ይለካና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላል፤ የዛሬ ፕሮሰሰር እጅግ ፈጣን ስለሆነ ውጤቱ በ16 ቢት ቦታ ውስጥ፣ ማለትም ከ65,535 ሳይበልጥ፣ አይገባም፣ ፕሮሰሰሩም የማካፈል ስሕተት ብሎ ያቆመዋል። ፕሮግራሙ የወደቀው ስላረጀ ሳይሆን ማሽኑ ስለፈጠነበት ነው ማለት ነው። ለዚህ ችግር የተዘጋጀች፣ ኮዱን ሳትጠይቅ ፋይሉን ብቻ የምታርም አነስተኛ ፕሮግራም አለች፤ ቅጂ አስቀርቼ ስሞክራት በመጀመሪያው ጊዜ ሠራች።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍጥነቱ ማውራት አያስፈልግም። ዶስ ቁልፍ እስኪነካ ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩን ያለ ዕረፍት ስለሚያሽከረክር ማራገቢያው ይጮኽ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን ሥራ ሲፈታ የሚያሳርፈውን ኤፍዲኤፒኤም የተባለ ፕሮግራም በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ሳስገባ ጸጥ አለ።

የሚያታክተኝ የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጣት ነው። ፍላሽ ኮምፒውተሩ ከመነሣቱ በፊት ካልተሰካ አይታይም፤ ስለዚህ በየምሽቱ ፍላሹን ሰክቼ፣ ኮምፒውተሩን ዳግም አስነሥቼ እቀዳለሁ። መብራት ሲጠፋም ዶስ ይቅርታ የለውም፤ በየካቲት ሽያጭ እየመዘገብን ሳለ ጠፍቶ የዕለቱ ፋይል ጫፉ ተቆርጦ ተገኘ፣ የዲስክ መፈተሻውም የመለሰልኝ ከፊሉን ብቻ ነው። ዩፒኤስ የገዛሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቀደም ብዬ መግዛት ነበረብኝ።

ትልቁ ጉድለት ግን ፊደላችን ነው። የዶስ ጽሑፍ ስክሪን በተለምዶ የሚያሳየው 256 ምልክት ሲሆን፣ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ቤት ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ለላቲን የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዶስ ከገበያ እየወጣ በነበረበት ጊዜ። ስለዚህ የዕቃ ስም በላቲን እንጽፋለን፤ ካንዴላን እኔ በኬ፣ ሠራተኛዬ በሲ እየጻፍን አንዱ ዕቃ ሁለት መዝገብ ይዞ ስለነበር፣ መደርደሪያው ላይ አርባ ካንዴላ እያለ ስክሪኑ አሥራ ሁለት ብቻ ይለን ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ የስም ዝርዝር ለጥፈናል። ይኸው ሠራተኛዬ መጀመሪያ ቀን ጥቁሩን ስክሪን አይቶ «ጋሼ፣ ማውሱ የት አለ?» ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ ይፈልጋል።

ሪቫን የሚጠቀመው የኤፕሰን ኤልኤክስ-300 ፕሪንተራችን ያለ ምንም ድራይቨር ደረሰኙን ከነካርቦን ቅጂው ያትማል፤ ዶስ ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ፖርቱ ስለሚልክ የሚጣላ ነገር የለም። አሁን የሚያሰጋኝ እንደዚህ ያለ ፖርት ያለው ማሽን እየጠፋ መሄዱ ስለሆነ፣ ባለፈው ወር የዚሁን ዴስክቶፕ አምሳያ ገዝቼ፣ ዲስኩን ገልብጬበት፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሸጬበት ወደ መጋዘን መልሼዋለሁ።