ደብረ ብርሃን ላላችሁ ሴቶች፦ አንዲት ሲስተር ልጠቁማችሁ

ይህን ጽሁፍ ጽፌ ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ሳልለጥፈው የቆየሁት ታሪኳን የማወራላችሁ ልጅ እስክትፈቅድልኝ ነው። ባለፈው እሑድ «እትዬ፣ ስሜን ብቻ አያንሱ እንጂ ይጻፉት» አለችኝ። ስለዚህ የእሷም የሲስተርም ስም የለበትም። ሲስተር እንዲያውም «ደሞዜን እየበላሁ ለምሠራው ሥራ ምን ያመሰግኑኛል» ብላ ተቆጥታኛለች። ትቆጣ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሦስት ወንበርና ሁለት ካስክ። አንዱ ካስክ የሚሠራው ደስ ሲለው ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከመርሐቤቴ የመጡ፣ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ። እሑድ እሑድ ሹሩባ ሲሠሩ የማይነሳ ወሬ የለም። ስለ ደሞዝ፣ ስለ አለቃ፣ ስለ ፍቅረኛ። ስለ ኤች አይ ቪ ግን አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ውርጩ ጣት በሚያደርቅበት ሰሞን። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ከልጆቹ አንዷ ተከናንባ ገባች። ሰኞ የሥራ ቀኗ ስለሆነ ገና ሳያት ደነገጥኩ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የምታውቀው ሰው ያለ ፈቃዷ ያደረገባትን ነገረችኝ። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የእሷ ነው። እሑድ ጠዋት አንድ ቦታ ለመታከም ሄዳ ነበር። መቀበያው ላይ ያለው ሰው፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «አግብተሻል?» ብሎ ጠየቃት። ዞራ ወጣች። ከዚያ መድኃኒት ቤት ገብታ ፖስት ፒል ገዝታ ዋጠች። «ደግነቱ እሱን ውጫለሁ፣ ተገላግያለሁ» አለችኝ።

እኔም አመንኳት። ተመስገን ብዬ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ጀበናውን እንደያዝኩ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ እዚያ በወጣቶች ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ደወልኩላት።

«ከሆነ ስንት ሰዓቱ ነው?» አለች። ሌላ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ማን ነው፣ ለምን ሄደች፣ አግብታለች፣ የሚል የለም። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት አልኳት። ቆጠረች። «39 ሰዓት ነው። አሁኑኑ ይምጡ። ቡናው ይቆይ።» ቡና እያፈላሁ መሆኑን በምን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በባጃጅ ደረስን። በር ላይ ወጥታ ጠበቀችን። ካርድ ክፍል ሳታቆመን ወደ ክፍሏ ወሰደችን። ለልጅቷ የነገረቻት ነገር ለእኔም አዲስ ነበር። ፖስት ፒል የሚከላከለው እርግዝናን ብቻ ነው። ኤች አይ ቪን አንድ ግራም አይከላከልም። ለቫይረሱ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ፔፕ ይባላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይዋጣል። ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ሰው የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው አለችን። ፖስት ፒል ላይም 72 ሰዓት ይባላል፣ ፔፕ ላይም 72 ሰዓት ይባላል። ልጆቹ አንዱን ክኒን ይውጡና ሁለቱንም የዋጡ ይመስላቸዋል። ደግሞ 72 ሰዓት ማለት እስከዚያ ተኝተሽ ጠብቂ ማለት አይደለም። ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ነው ጥሩ የሚሠሩት።

በመጀመሪያ ደሟ ተመረመረ። ከዚያ ሲስተር ጋዋኗን አውልቃ እስከ ሆስፒታል አብራን ሄደች። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ተጀመረ። የአባላዘር በሽታም ታየላት። ፖሊስ ጋ መሄድ ከፈለገች እንዴት እንደሆነ፣ የሐኪም ማስረጃውም ለምን እንደሚጠቅም ነገረቻት። ውሳኔውን ግን ለልጅቷ ተወችላት። እኔ ብሆን እየጎተትኩ ነበር የምወስዳት፤ አሁን ሳስበው ሲስተር ልክ ነበረች።

28 ቀን ረጅም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሻት፤ ልትተወው ነበር። ሲስተር ማታ ማታ ትደውልላት ነበር። የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ደግሞ መድኃኒቱን የምትውጥበትን ሰዓት አብረው አስተካከሉ። ከሦስት ወር በኋላ በተደረገው ምርመራ ነፃ ናት። ይህንንም እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እዚህ ላይ ባበቃ ምስጋናዬ አጭር ይሆን ነበር። ሲስተር ግን ነገሩን ከያዘች አትለቅም። በወሩ እሑድ ቀን ፀጉር ቤቴ መጣች። ሹሩባ ልትሠራ መስሎኝ ነበር። ከቦርሳዋ የኮንዶም ካርቶን አውጥታ የቢጉዲኑ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ጠየቀቻቸው፦ «ከእርግዝናና ከኤች አይ ቪ የቱን ትፈራላችሁ?» ሁሉም እርግዝናን አሉ። አንዷ «ኤድስ እኮ ጠፍቷል» አለች።

እኔ ይህን ስሰማ ውስጤ ታመመ። በእኛ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። ከአንድ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው የምንቀብርበት ጊዜ አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ያንን አላዩም። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ፣ ቀብሩ ቀነሰ፣ ማስታወቂያውም አብሮ ጠፋ። እነሱ ምን ያድርጉ?

ሲስተር አልተቆጣችም። በእ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነገረቻቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ቫይረሱ የተገኘው በሴቶች 1.2 በመቶ፣ በወንዶች 0.6 በመቶ ነው። እጥፍ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ደግሞ ከገጠሩ በብዙ ይበልጣል፤ 2.9 በመቶ ለ0.4። «እናንተ ከየት ወደ የት ነው የመጣችሁት?» አለቻቸው። ዝም አሉ። በአፍሪካ ደረጃም ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እንዳለው በ2022 እ.ኤ.አ. ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሳምንቱ ወደ 3,100 የሚሆኑት በቫይረሱ ይያዙ ነበር።

ለምን ሴት ልጅ? አንደኛው ተፈጥሮዋ ነው፤ በግንኙነት ከወንዱ ይልቅ እሷ በቀላሉ ትያዛለች። ሌላውን ግን ልጆቹ ራሳቸው ነው ያወሩት። የቤት ኪራይ የሚከፍልላት በአሥር ዓመት የሚበልጣት ሰው ነው። ኮንዶም ስትለው «አታምኚኝም?» ይላል። ኪራዩ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ሲስተር እዚህ ላይ ስብከት አልሰበከችም። ለዚህ ነው የምወዳት። «እሺ፣ እሱን እንዴት ብለሽ ታናግሪዋለሽ?» ብላ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አለማመደቻቸው። እኔን ወንዱን አደረጉኝ፤ ጉድ ነበር!

አብዛኞቹ የሦስት ወር መርፌ ይወጋሉ፤ ሁለቱ ክንዳቸው ላይ የሚቀበረውን አስገብተዋል። ከእርግዝና ጥሩ ይከላከላሉ። ኤች አይ ቪን ግን አይነኩትም። ሁለቱንም የሚከላከለው ኮንዶም ነው። ይህችን ነገር ሦስት እሑድ ደጋግማለች። አንዳንዴ ፈጥና ስለምታወራ ልጆቹ አይሰሟትም፤ ቀስ በይ እላታለሁ። ደግሞ አራት ሰዓት እመጣለሁ ካለች ስድስት ሰዓት ነው የምትመጣው።

አንድ እሑድ ግን የሠርግ ዜና እንደያዘ ሰው ፈክታ መጣች። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚወጋ የኤች አይ ቪ መከላከያ ልትነግረን ነው። ሌናካፓቪር ይባላል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት ይሰጥ ብሏል። በየስድስት ወሩ አንዴ ተወግቶ መሄድ! ማታ ክኒን ደብቆ መዋጥ የለ፣ ከወንድ ጋር ክርክር የለ። «ለእኛስ?» አለች አንዷ። «በመጣ ቀን መጀመሪያ የምነግረው ለእናንተ ነው። እስከዚያ ካርቶኑ ያው እዚያ ነው» አለቻት። ካርቶኑ አሁን በሁለት ሳምንት ያልቃል። በፊት ማንም አይነካውም ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የሲስተር ግን አይደለም። ክፍሉ የሚከፈተው በሥራ ሰዓት ነው። የፋብሪካ ልጅ በሥራ ሰዓት ፋብሪካ ናት። ሲስተር በምሳ ሰዓቷ ስታስተናግዳቸው አይቻለሁ፤ ቆማ ዳቦ እየበላች። የሚመለከታችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እሑድ ግማሽ ቀን ብትከፍቱት ልጆቹ ይመጣሉ።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እነግራችኋለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ጤና ጣቢያችሁ የወጣቶች ክፍል እንዳለው ጠይቁ። በደብረ ሲናም በሸዋ ሮቢትም ልጅ ያላችሁ ንገሩልኝ። የደረሰባችሁ ነገር ካለ ግን ክፍል ስትፈልጉ ሰዓቱ እንዳያልፍባችሁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጡ ጉዳያችሁን በመስኮት መናገር የለባችሁም። «የወጣቶች ክፍል ነው የምፈልገው» ካላችሁ ይበቃል። የእኛዋ ጋ ስትሄዱ ከሰዓት ሂዱ፤ ጠዋት ወረፋ ነው።