ሲምፓይን ለወራት ሠርቼበት፦ ነጻው የሲሙሌሽን መሣሪያ ለፋብሪካ ይበቃል?

ስለ ኢንዱስትሪ ሲሙሌሽን (የፋብሪካን አሠራር በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር) ሲወራ አሁን አሁን የሚነሳው ዲጂታል ትዊን (ከእውነተኛው መስመር ጋር እየተገናኘ አብሮት የሚሄድ የኮምፒውተር ቅጂ) ነው፣ ኤአይ ነው፣ ክላውድ ነው። እኔ ለወራት የሠራሁበት መሣሪያ ግን ከነዚህ አንዱም የለውም። ሲምፓይ ይባላል፤ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ስብስብ ነው። የሚጫን ቁልፍ የለው፣ የሚጎተት ምስል የለው። በነጻ ታወርዱታላችሁ፣ ኮድ ትጽፉበታላችሁ፣ ቁጥር ይሰጣችኋል። በቃ። ቢሆንም ወድጄዋለሁ። ያናደደኝ ጊዜም ቀላል አይደለም።

ሥራችን አንድ የማሸጊያ መስመር ነበር። መሙያ ማሽን፣ ክዳን የሚገጥም፣ ሌብል የሚለጥፍ፣ ካርቶን ውስጥ የሚከት፤ በየመካከላቸው ኮንቬየር። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ቀርፋፋውን ክዳን ገጣሚ በፈጣን እንቀይር ወይስ በማሽኖቹ መሀል ዕቃ የሚጠራቀምበትን ቦታ እናስፋ? ኤክሴል መልሱን ቶሎ ሰጠ፤ ማሽኑን ቀይሩ አለ። ሠንጠረዡ የተሠራው ግን በአማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ማሽን መቼ ቀጥ እንደሚል አያውቅም።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ቀላሉን ወረፋ ውሰዱ። ማሽኑ አንድ ነው። ሥራ በዘፈቀደ ይመጣል፣ የሚፈጀው ጊዜም በዘፈቀደ ይለያያል፤ ሁለቱም ኤክስፖኔንሺያል ናቸው፣ ማለትም አጭሩ ጊዜ ብዙ፣ ረጅሙ ጥቂት ነው እንበል። ማሽኑ ከጊዜው 80 በመቶውን በሥራ ከተያዘ፣ ወረፋ የያዘውና እጁ ላይ ያለው ሥራ ተደምሮ በአማካይ 4 ይሆናል። 90 በመቶ ሲደርስ 9። 95 በመቶ ላይ 19። አማካይ ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ በሦስቱም ላይ "አቅም አለ፣ ችግር የለም" ነው የሚላችሁ። እውነተኛ መስመር ላይ ደግሞ ማጠራቀሚያው ውስን ነው። ሲሞላ የሚልከው ማሽን ይቆማል፣ ሲራቆት የሚቀበለው ሥራ ይፈታል። በላዩ ላይ ብልሽት ሲጨመር በቀመር መጨረስ አይቻልም። ሲሙሌሽን የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ሲምፓይ የሚሠራበት መንገድ ደስ ይላል። ማሽኑንም ቴክኒሽያኑንም እንደ ተራ የፓይተን ፈንክሽን ትጽፏቸዋላችሁ። "ዪልድ" የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ፈንክሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወይ ጊዜው እስኪያልፍ፣ ወይ ማሽኑ እስኪለቀቅ። ሰዓቱ ሴኮንድ በሴኮንድ አይቆጥርም። ከአንዱ ክስተት ወደ ቀጣዩ ይዘላል፤ ስለዚህ ምንም የማይፈጠርበት ሌሊት ኮምፒውተሩን አያደክምም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጄፍሪ ጎርደን አይቢኤም ውስጥ ጂፒኤስኤስ የሚባለውን የሲሙሌሽን ቋንቋ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ኖርዌያውያኑ ዳልና ኒጋርድ ኦስሎ ላይ ሲሙላ የሚባለውን ቋንቋ የሠሩትም በዚያው አሥርት ዓመት ነው። ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ከሲሙላ መወለዱ ሁሌም ይገርመኛል። ሲምፓይ ራሱ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የአሁኑ መልኩ የመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሦስተኛው ቨርዥን ጋር ነው።

ለፋብሪካ ሰው ትልቁ ነገር ብልሽት ነው። ማሽን ሥራ ላይ እያለ ይበላሻል፣ ሥራው ይቋረጣል፣ ቴክኒሽያን ይጠራል። ቴክኒሽያኑ የማይቸኩል ሥራ ይዞ ከሆነ ጥሎት ይመጣል። ሲምፓይ ለዚህ የተዘጋጀ "ፕሪኤምፕቲቭ ሪሶርስ" የሚባል ነገር አለው። ማኑዋሉ ውስጥም 10 ማሽንና አንድ ጠጋኝ ያለበት የወርክሾፕ ምሳሌ ታገኛላችሁ። የኛ ሞዴል የተነሳው ከዚያ ነው። ሲያልቅም ጥቂት ገጽ ኮድ ነው የሆነው፤ ፓይተን የሚያውቅ አዲስ ሰው በግማሽ ቀን አንብቦ ይረዳዋል።

መልሱስ? ማጠራቀሚያውን ማስፋት በለጠ። ክዳን ገጣሚው በብዛት የሚቆመው በራሱ ችግር አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ሌብል ለጣፊ ለአጭር አጭር ጊዜ እየቆመ መንገድ ስለሚዘጋበት ነው። ፈጣን ማሽን ብንገዛ ኖሮ ቶሎ ደርሶ ቆሞ የሚጠብቅ ፈጣን ማሽን ነበር የሚኖረን።

ጊዜያችንን የበላው ግን ኮዱ ሳይሆን ዳታው ነው። የጥገና መዝገብ ረጅም ብልሽቶችን እንጂ አጫጭር መቆሞችን አይዝም። ሌብል ተጣበቀ፣ ኦፕሬተሩ በእጁ አስተካከለ፣ መስመሩ ቀጠለ፤ ማን ይጽፈዋል? ሲደማመሩ ግን ከትልቁ ብልሽት ሊበልጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከማሽኖቹ መቆጣጠሪያ የሚወጣውን ምልክት በቀጥታ መሰብሰብ ነበረብን። ሌላም ወጥመድ አለ። መዝገቡ ላይ "የጥገና ጊዜ" ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ከቆመበት እስከ ተነሳበት ያለው ነው። ቴክኒሽያኑ እስኪመጣ የተጠበቀው ጊዜም እዚያው ውስጥ አለ። ሞዴሉ ውስጥ ቴክኒሽያኑን ለብቻው ካስገባችሁ በኋላ ያንኑ ቁጥር ብትጠቀሙ፣ መጠበቁን ሁለቴ ቆጠራችሁ ማለት ነው። ይህን የትኛውም ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ አይነግራችሁም።

የዘፈቀደ ቁጥር ጉዳይም ትኩረት ይፈልጋል። ሁለት አማራጭ ስታወዳድሩ አንዱ ዕድለኛ ሳምንት፣ ሌላው የተረገመ ሳምንት ሊገጥመው ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን የዘፈቀደ ቁጥር ምንጭ ከራሱ መነሻ ቁጥር ጋር መስጠት፣ ያንኑ መነሻ ቁጥርም በሁለቱም አማራጮች መጠቀም ነው። ያኔ ሁለቱም አማራጮች ያንኑ የብልሽት ታሪክ ያልፋሉ፤ የሚታየው ልዩነት የዕድል ሳይሆን የአማራጩ ይሆናል። በፓይተን ቀላል ነው፣ ሁለት መስመር ኮድ አይሞላም። ለኔ ከመሣሪያው ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ ውስጡ የተደበቀ ነገር የለም፤ የፈለጋችሁትን ትነካካላችሁ።

አሁን ወደ ሚያናድደው። ሲምፓይ ስታቲስቲክስ አይሰበስብላችሁም። ሁለተኛው ቨርዥን ላይ "ሞኒተር" የሚባል ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ቀረ። የወረፋ ርዝመትም ሆነ ማሽኑ የተያዘበት መጠን ራሳችሁ ነው የምትመዘግቡት። ሰዓቱም መለኪያ የለውም። 5 ስትሉት 5 ነው፤ ደቂቃ ይሁን ሴኮንድ ጉዳዩ አይደለም፣ ብታቀላቅሉም ዝም ብሎ ይሮጣል። ፍጥነቱ ደህና ነው። የሚሠራው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ነው፤ ግን ሞዴሉን ደጋግማችሁ ስታስኬዱት አንዱ ሩጫ ሌላውን ስለማይነካ በሁሉም ኮር ላይ በትናችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ።

የባሰው ችግር ሥዕል አለመኖሩ ነው። ኢንጂነር ግራፍ አይቶ ሊያምን ይችላል። ፈረቃ መሪውና ፋብሪካውን የሚመራው ሰው ግን ዕቃው ሲሄድ፣ ሲጠራቀም፣ ሲቆም ማየት ይፈልጋሉ። ልክ ናቸውም። ስህተትን ቶሎ የሚይዘው ዓይናቸው ነው፤ "ኧረ ይሄ ማሽን እንዲህ አይሠራም!" የሚል ድምፅ ከቁጥር ሰንጠረዥ አይወጣም። እኛ የክስተቶቹን መዝገብ አውጥተን በሌላ ፕሮግራም ቀለል ያለ አኒሜሽን ሠራን። ሠራ፣ ግን ሞዴሉን ከመጻፍ ያላነሰ ልፋት ነበረው። ጎትቶ በማስቀመጥ የሚሠሩት ንግድ ሶፍትዌሮች፣ እንደ አሬና፣ ኤኒሎጂክና ፕላንት ሲሙሌሽን ያሉት፣ የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው።

አዲሶቹ ነገሮችስ? ዲጂታል ትዊንን ሞክረነዋል። የማምረቻ ዲጂታል ትዊን ማዕቀፍን የሚያስቀምጠው አይኤስኦ 23247 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ቃሉ ለሁሉም ነገር በሚለጠፍበት ጊዜ ምን ምን ክፍል እንደሚያስፈልግ ለማየት ይረዳል። ሲምፓይ ሰዓቱን ከግድግዳው ሰዓት እኩል የሚያስኬድበት "ሪልታይም" የሚባል አሠራር አለው። ከማሽኖቹ ጋር የሚያገናኘው ግን የለም፤ ማሽኖች ዳታ የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቶኮሎች፣ እንደ ኦፒሲ ዩኤና ኤምኪውቲቲ ያሉትን፣ በሌላ ላይብረሪ ታመጣላችሁ። ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው። የሲምፓይ ሂደቶች የፓይተን ጄኔሬተሮች፣ ማለትም ዪልድ ላይ እየቆሙ የሚቀጥሉት ፈንክሽኖች ናቸው፣ ጄኔሬተር ደግሞ መሀል ላይ ቆርጦ ፋይል ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። "የመስመሩን የአሁን ሁኔታ ያዝና ከዚህ ተነስተህ ቀጣዮቹን 8 ሰዓታት በተለያየ መንገድ አሳየኝ" ለማለት ሞዴሉን ከመነሻው በዚያ ሁኔታ እንዲጀምር አድርጋችሁ መጻፍ አለባችሁ። ትዊን የምታስቡ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስቡበት።

ሰሮጌት ሞዴል የሚባለው፣ ማለትም ከብዙ ሲሙሌሽን ውጤት ተምሮ መልሱን በቅጽበት የሚገምት የማሽን ለርኒንግ ሞዴል፣ ለኛ አላስፈለገም። የአየርና የፈሳሽ ፍሰት ሲሙሌሽን አንዱ ሩጫ ሰዓታትና ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል እዚያ ወርቅ ነው። የኛ ሩጫ በሴኮንዶች ያልቃል፤ ምኑን እናሳጥረው?

ኤአይ ኮድ ጸሐፊዎች ግን በእርግጥ ጊዜ ቆጥበዋል። ሲምፓይ ኮድ ስለሆነ እነሱ የሚገቡበት ዓለም ነው፤ የንድፉን ሐሳብ በጽሑፍ ስትነግሩት የመጀመሪያውን ረቂቅ ያወጣል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ቦታ ነው። አንዳንዴ የሁለተኛውን ቨርዥን አጻጻፍ ከሦስተኛው ጋር ይቀላቅላል፤ ይህኛው ወዲያው ስህተት ስለሚያሳይ ቀላል ነው። ክፉው ሥራ ሲቋረጥ ቀሪውን ጊዜ መቁጠር የሚረሳበት ነው። ኮዱ ይሮጣል፣ ቁጥሩም ያማረ ነው፣ የተቋረጠው ሥራ ግን ከጥገና በኋላ እንደ አዲስ ይጀምራል ወይም እንዳለቀ ይቆጠራል። መልሱን አስቀድማችሁ በወረቀት የምታውቁትን አንድ ትንሽ ጉዳይ ሁሌ አስሩጡበት። ከላይ ያለው አንድ ማሽን፣ 80 በመቶ፣ 4 የሚለው ለዚህ ይመቻል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው በቡድናችሁ ካለና ጥያቄያችሁ ወረፋ፣ ብልሽት ወይም የሰው ኃይል ከሆነ ሲምፓይን ሞክሩት። ኮድ የሚፈራ ቡድን ላይ ግን አትጫኑት። አኒሜሽን የግድ ሆኖባችሁ በፓይተን መቆየት ከፈለጋችሁ ሳላቢም የሚባለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪ አብሮት የሚመጣ አኒሜሽን አለው። ጎትቶ ማስቀመጥና ባለ ሦስት ገጽታ ምስል በነጻ የሚፈልግ ደግሞ ጃምሲም የሚባለውን ሶፍትዌር ይይ።