ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ለሚያስነብቡልን በጎ ፈቃደኞች

ልጁ ማንበብ አልሆንለት ላለ ወላጅ የምጠቁመው ቦታ አለኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሚገኝ የወጣት ማዕከል ውስጥ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርትና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በነጻ ያስነብባሉ። ስማቸው እንዲጠራ ስለማይፈልጉ አልጠራም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማድረስ አለብኝ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ የአማርኛ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይወጣው ነበር። ገጹን ይገልጣል፣ ሥዕሉን አየት ያደርጋል፣ ምንባቡን ያለ ስህተት ያወርደዋል። ቤተሰቡም መምህሩም «ጎበዝ» ስንለው ከርመናል። መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉን በመዳፋቸው ሸፈኑና ከአንቀጹ መካከል አንዲት ቃል አመለከቱት። ዝም አለ። ለካስ መጽሐፉን በሙሉ ሸምድዶታል።

አልተቆጡትም፤ እኔንም በነገር አልወጉኝም። ከጫማ ካርቶን የተቆረጠች፣ መካከሏ በምላጭ የተበሳች ቁራጭ አወጡና በፊደል ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቷት ጀመር። በቀዳዳዋ የምትታየው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። «ቦ» ስትመጣ ልጄ ከ«በ» ተነሥቶ በሆዱ እየዘመረ ካልደረሰባት አያውቃትም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም ማለት ነው።

የኔታዎች ይህን ዱሮም ያውቁታል። ተማሪው ሀ ሁን በዜማ ከያዘ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፣ ተራው ተዛብቶ ሲመጣበት ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ክፍሎች ሀ ሁ በኅብረት ይዘመርና በዚያው ይታለፋል። በመምህራን አልፈርድም፤ ከ60 በላይ ልጆች በታጨቁበት ክፍል እያንዳንዱን ለብቻው ማስነበብ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። ችግሩም የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከ3 አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ሳድስ ነው። ካዕብ በአብዛኛው ከጎኑ ቅጥያ አለው፣ ሳልስም ከእግሩ፤ ልጅ ይህን ልብ ካለ ብዙውን ይገምታል። ሳድስ ግን እንደየፊደሉ ስለሚለያይ በግምት አይገኝም፤ በአማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አንድ መስመር አይነበብም። እዚያ ላይ ብዙ ቆዩ። ቶሎ ወደ ተረት መጽሐፍ እንዲያልፉለት የጓጓሁት እኔ ነበርኩ፤ መምህርቷ «ቆይ፣ አትቸኩዪበት» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና በወጣትነታቸው ዘምተው፣ የገበሬ ጣት ይዘው ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። የእኔ ችኮላ ምንም አይመስላቸውም።

ወጣቶቹም ቢሆኑ አይታሙም። ልጅ ቃል ላይ ሲደናቀፍ ፈጥነው አይነግሩትም፤ በጠረጴዛው ሥር በጣታቸው ቀስ ብለው እስከ 5 ይቆጥራሉ። ካልመጣለት ቃሉን አብረውት ጮክ ብለው ያነቡና ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። የልጄ አስነባቢ የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ልጄ «ወንድም ጋሼ» ይለዋል። የፈተናው ሰሞን ሳይቀር መጥቷል። በየክረምቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ሞልቷል፤ ቲሸርት ይለበሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደየቤቱ። እነዚህኞቹ ግን ጥቅምትም ኅዳርም እዚያው ናቸው። ምስጋናዬን ያበዛሁትም ለዚህ ነው።

ልጄ አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ፈጣን አንባቢ ሆኗል አልልም፤ ረጅም ቃል ሲገጥመው አሁንም ይቆማል። ነገር ግን ያላየውን ጽሑፍ ያነባል፣ ያነበበውንም መልሶ ይነግረኛል። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈ ጥቅስ ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዳንዱን ባያነበው ደስ ባለኝ።

ልጆቻችሁን ልትወስዱ ለምታስቡ፦ የልጁን የመማሪያ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ በመጀመሪያው ቀንም አብራችሁት ቆዩ። የቤት ሥራ አይሠሩለትም፤ ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ አትድከሙ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አርፍዶ የመጣ ልጅ ወንበር ሊያጣ ይችላል። ገንዘብ አይቀበሉም። ቆሎ ይቀበላሉ። ከሁሉ በላይ የሚያጥራቸው ፊደሉ ጎላ ያለ፣ በየገጹ ጥቂት መስመር ብቻ ያለው የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ነው። ልጆቻችሁ አድገው በየመደርደሪያው አቧራ የጠጣ ካለ ለእነሱ አድርሱላቸው።

መምህርታችን፣ እናንተም ወጣቶች፣ እግዜር ይስጥልን።