ፓስት ላይቭስ፦ የሄደች ልጅ ፊልም ነው፣ እኔ ግን ለቀረው አዘንኩ

የኮሪያ ድራማ ነው ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ትናደዳላችሁ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ክፉ አማት የለችም፣ የሀብታም ልጅ የለም፣ በጥፊ የሚማታ የለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ እየሄዱ ያወራሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላሉ በቃ። 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ እንደዚህ ነው፣ እና የምር ስልኬን አንዴም ሳልነካ ነው የጨረስኩት።

የጻፈችውም ዳይሬክት ያደረገችውም ሴሊን ሶንግ ናት፣ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፣ በፈረንጆቹ 2023 ወጥቶ ለኦስካር በምርጥ ፊልምና በድርሰት ታጭቶ ነበር። እሷም እንደ ባለታሪኳ በ12 ዓመቷ ከኮሪያ ወደ ካናዳ የሄደች ናት፣ ስለዚህ ከሰማችው ሳይሆን ከኖረችው ነው የምታወራው፣ ያ ደግሞ ያስታውቃል።

ሴኡል ውስጥ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች አሉ፣ ና ዮንግና ሄ ሰንግ፣ ክፍል ውስጥ አንደኛ ለመውጣት የሚፎካከሩ። አንድ ቀን እሱ ይበልጣትና እያለቀሰች ወደ ቤት ስትሄድ እኔ ሁሌ ካንቺ በታች እየወጣሁ አለቅሳለሁ እንዴ ይላታል፣ በዚች ብቻ ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ከዛ ቤተሰቧ ወደ ካናዳ ይሄዳል፣ እሷም ስሟን ቀይራ ኖራ ትባላለች። 12 ዓመት ቆይቶ ሄ ሰንግ በአባቷ የፊልም የፌስቡክ ገፅ በኩል ሲያፈላልጋት እንደነበር ትደርስበታለች፣ ስካይፕ ይጀምራሉ፣ እሷ ኒውዮርክ ሌሊት እሱ ሴኡል ቀን፣ ምስሉ እየተንቀረፈፈ ምናምን፣ ይሄን የማያውቅ ሀበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ከዛ እሷ ራሷ ትንሽ እንቆይ ትለዋለች፣ ምክንያቱም ሁለቴ አገር ቀይራ እዚህ ደርሳ ቀኑን ሙሉ የሴኡል በረራ ስትፈልግ ራሷን አገኘችው። ከዛ ሌላ 12 ዓመት ያልፋል። እሷ አርተር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ አግብታለች፣ ሄ ሰንግ ደግሞ ለእረፍት ነው ብሎ ኒውዮርክ ይመጣል። ለእረፍት! ማን ሊያምን?

ፓርክ ውስጥ የሚገናኙበት ሲን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሄ ሰንግ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ቆሟል፣ ትልቅ ሰውዬ ነው ግን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ነው የሚመስለው፣ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ከዛ ትመጣለች፣ 24 ዓመት ሙሉ በአካል ሳይተያዩ ቆይተው የሚሉት ጠፍቷቸው ዋ ዋ ብቻ ይባባላሉ። ተዋንያኑ ቴዎ ዩና ግሬታ ሊ እዚህ ሲን ላይ እስኪደርሱ እንዳይነካኩ ዳይሬክተሯ ከልክላቸው ነበር አሉ፣ ሲተቃቀፉ የእጃቸውን አቀማመጥ እዩት ታዲያ፣ የት እንደሚያሳርፉት ግራ ገብቷቸዋል።

ባልየው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን ይሄ ሰው ወይ ይሰድባል ወይ ይጠጣል ወይ ደግሞ ድብቅ ውሽማ ይወጣለታል፣ እናንተም በሰላም እንድትጠሉት። እዚህ ግን አልጋ ላይ ተኝተው እያወሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጣ ፈንታችሁን የዘጋው መጥፎ ፈረንጅ እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ይቀልዳል፣ ቀጥሎ ግን በእንቅልፍሽ የምታወሪው በኮሪያኛ ብቻ ነው፣ እኔ የማልገባበት ቦታ አለሽ ይላታል። ኮሪያኛ የሚማረውም ለዛ ነው። አርተርን የሚጫወተው ጆን ማጋሮ ይሄንን ሲናገር ድምፁን ትንሽ እንኳን ከፍ አያደርግም። ፈረንጅ ያገባ ዘመድ ያላችሁ ይሄንን ሰውዬ በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ለቅሶም ሰርግም ላይ ጥግ ይዞ ፈገግ እያለ የሚቀመጠው እኮ ነው።

ባር ውስጥ ሶስቱ ሲቀመጡ ያ ነገር ይመጣል። ኖራ መሀል ናት፣ በመጀመሪያ ለሁለቱም ታስተረጉማለች፣ እሱ ምን እንዳለ ለባሏ፣ ባሏ ምን እንዳለ ለሱ፣ ከዛ ቀስ እያለች ወደ ሄ ሰንግ ትዞርና ማስተርጎሙን ትተዋለች። ካሜራውም አብሯት ዞሮ ባልየውን ከፍሬም ያወጣዋል። በቃ ይሄው ነው፣ ማንም አልከዳም፣ ማንም እጅ አልያዘም፣ ግን አጠገባችን የሆነ ሰው ብቻውን ቀርቷል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። እኔ የቀረሁ ነኝ። 8ኛ ክፍል ላይ ዲቪ ደርሷቸው የሄደ ጓደኛ የሌለው የአዲስ አበባ ልጅ ማነው? እና ፊልሙን ሳየው ዓይኔ ሄ ሰንግ ላይ ነበር። የሱ ኑሮ ግን ቁርጥራጭ ነው፣ ውትድርና ትንሽ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሶጁ የሚባለው የኮሪያ መጠጥ ትንሽ፣ የእናት አባቱ ቤት ትንሽ። እሷ በ12 ዓመቷ ኖቤል እፈልጋለሁ ትላለች፣ ኋላ የአሜሪካኖቹ የፅሁፍ ሽልማት ፑሊትዘር ይሆናል፣ ኋላ የቲያትር ሽልማቱ ቶኒ ይሆናል፣ ህልሟ ሲቀያየር በየደረጃው እናያለን። የሱ ህልም ምን ነበር? ማንም አልጠየቀውም። አንዴ ብቻ፣ ስለ ኮሪያ ፍቅረኛው ሲያወሩ፣ እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ስራዬም ደሞዜም ተራ ነው፣ ለቤተሰቤም አንድ ልጅ ነኝ፣ እሷ የተሻለ ሰው ነው የሚገባት ይላል። ኖራ ነገሩ ብዙም አይገባትም። እዚህ ሽማግሌ ለመላክ ደሞዙን ሲያሰላ ዓመታት ያለፉት ወንድ ግን ወዲያው ይገባዋል፣ እኔ ስክሪኑን አንዴ ወደ ኋላ መልሼ ነው ያየሁት። ይሄን ክር ትንሽ ብትስበው ኖሮ ፊልሙ ሙሉ ይሆን ነበር። በተረፈ ግን የሄደ ሰው የሚናገረው ታሪክ ውስጥ የቀረው ሁሌ እንደዚህ ነው፣ ባለበት ቆሞ የሚጠብቅ። እኛም እኮ ስንኖር ነው የከረምነው።

ከዚህ በኋላ መጨረሻውን ልናገር ነው፣ ያላያችሁ ዝለሉ። ሄ ሰንግ ሊሄድ ኡበር ጠርቶ ይጠብቃሉ፣ መኪናው እስኪመጣ ሁለት ደቂቃ አለ። ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ፣ ቃል የለም፣ ሙዚቃ እያነሳ የሚያስለቅሳችሁ የለም፣ ይሳማት ይሆን ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፣ መኪናው ይመጣል። እሷ ወደ ቤት ስትመለስ ባሏ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ነው፣ ታቅፈውና ታለቅሳለች። ልጅ እያለች አልቃሻ ነበረች፣ ካናዳ ከገባች በኋላ ማንም ስለማያባብላት ማልቀስ ትታ ነበር። ለሄ ሰንግ ነው ያለቀሰችው የሚሉ አሉ፣ እኔ አይመስለኝም። ሴኡል ብትቀር ልትሆን የምትችለው ሴት በዛች መኪና ሄደችባት።

ቀርፋፋ ነው፣ አልክድም። መሀሉ ላይ ግን ደራሲዎቹ የሚሰባሰቡበት ቤት ከአርተር ጋር የሚተዋወቁበት ክፍል ለኔ ቶሎ ቶሎ ያለፈ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተረጋግቶ እሱ ጋር ሲደርሱ ተጣደፉ፣ ባልየውን እንዴት እንደወደደችው አላየሁም። እንቅልፍ ይዟችሁ ማታ አትጀምሩት።

ከ10 8 እሰጠዋለሁ። እና ሰብታይትል ያለውን ቅጂ ፈልጉ፣ በድምፅ የተተረጎመውን ተዉት፣ ኮሪያኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የኖራ ድምፅና ፊት አብሮ ይቀየራል፣ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ከተወራ ያ ባር ውስጥ ያለው ሲን ምንም አይገባችሁም።