ለካምፓችን ቧንቧ ሠራተኛ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ባህር ዳር ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ለምትፈልጉ ጥቆማ አለኝ። ለሰውየው ደግሞ ያልከፈልነው የምስጋና ዕዳ አለብን። ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ ልጨርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየክረምቱ ለልጆች የምናዘጋጀው ካምፕ ዘንድሮ ቤት ቀየረ። የቆየንበት የኪራይ ግቢ ጠቦን ነበር። ልጆቹ በዙ። ኳስ ሲጫወቱ የጎረቤት ቆርቆሮ ይደበደባል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጨቃል። የባህር ዳር ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ለክረምት የወጡለት አንድ ካምፓስ ሁለት የማደሪያ ብሎክ ሲፈቅድልን ሁለቴ አላሰብንም። ሰፊ ሜዳ አለው። የመመገቢያ አዳራሽ አለው። ቤተ መጻሕፍት አለው። ከአጥሩ ባሻገር ጣና ነው።

የካምፓሱን ስም አልጠራም። የማወራው ችግር የእነሱ ብቻ አይደለምና። ባህር ዳር የካምፓስ ከተማ ናት። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፔዳ፣ ማለትም የመምህራን ማሠልጠኛው፣ ከዚያ በኋላ መጣ። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህማ ግቢው በዛ። የማደሪያ ሕንፃ ግን የትም ቢሆን የሚሠራው ራሱን ለቻለ ወጣት ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ለሚወርድ፣ ካልሆነም «ነገ እታጠባለሁ» ብሎ ለሚተኛ። የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ አያደርግም። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከሜዳ ይመጣል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ምንም የለም። ከዚያ በመስኮት ሐይቁን ያያል።

እኛን ያስፈራን ይሄ ሐይቁን ማየቱ ነው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል፤ ዳር ዳሩን በባዶ እግሩ የሚንቦጫረቅ ሰው ቆዳ ውስጥ በቀጥታ ይገባል። ውሃው ጠርቷል አልጠራም ለውጥ የለውም። ልጅን ግን እንዲህ ያለ ነገር አስረድተህ አታስቆመውም። የሚያስቆመው ውሃ ያለው ሻወር ነው። የእኛ ሻወር ደግሞ ምድር ቤት ላይ ይንጠባጠባል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያስነጥሳል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጭራሽ ደረቅ ነው። የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ እንዲህ ቃል በቃል ይደርስብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መጀመሪያ ያየልን ባለሙያ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ፣ አንዱን ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ። «ግፊት የለም፣ ትልቅ ፓምፕ ግዙ» አለን። የነገረን ዋጋ የልጆቹን የጀልባ ጉዞና የሥዕል ቁሳቁስ በአንድ ላይ የሚበላ ነበር። ማን እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። ክፉ ሰውም አይደለም።

የዛሬውን ተመስጋኝ የጠቆመችን የካምፓሱ ፕሮክተር ናት። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፤ «ሥራ እንጂ ስም ምን ያደርጋል» ብሎ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ፣ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ በባጃጅ የሚመጣ ሰው ነው። ስለ ፓምፑ ስነግረው ወደ ፎቁ እንኳን አልወጣም።

«እታለም፣ ቆዪ፣ ምንም አትግዢ። መጀመሪያ ቆጣሪው ያለበትን አሳዪኝ።»

ቆጣሪው ከበሩ አጠገብ ሣር ውጦት ነበር። በሁለቱም ብሎክ ያለውን ቧንቧ ሁሉ አዘጋን። ኩሽናውንም፣ ሽንት ቤቱንም። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የቆጣሪውን ትንሿን መርፌ አየ። ሁሉም ተዘግቶ እያለ መርፌዋ ትዞራለች። ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፣ ምንም አያስከፍልም። ቆጣሪ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ሞክሩት። የውሃ ሂሳብ በዛብኝ የሚል ጓደኛ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው፣ ራሱን ያውቃል።

አስቸጋሪው የሚፈስበትን ቦታ ማግኘት ነበር። በበጋ ቢሆን ቀላል ነው ይላል። ሁሉም ነገር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ሣሩ ለምልሞ ካየህ እዚያ ቆፍር። በክረምት ግን ግቢው ሁሉ እርጥብ፣ ግቢው ሁሉ ለምለም ነው። ስለዚህ ማታ ተመልሶ መጣ። ለምን ማታ? ከተማው ሲተኛ ውሃ የሚቀዳው ሰው ስለሚቀንስ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ግፊቱ ሲጨምር የተቀደደው ቦታ ጮክ ብሎ ይፈሳል። አንድ ቀጥ ያለ ፌሮ መሬት ላይ ይተክላል፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ እንደገና ይተክላል። ልክ እንደ ሐኪም። ሁለት ትልልቅ ልጆች ካልተኛን ብለው ባትሪ ይዘውለት ተከተሉት። የሐይቁ እንቁራሪቶች ግን አልተባበሩትም። «ዝም በሉ እንጂ!» ሲል ልጆቹ ዝም አሉ፤ የተቆጣው ግን እንቁራሪቶቹን ነበር።

ከኩሽናው ጀርባ አገኘው። አሮጌ የብረት ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ዝጎ ተበልቷል። ጠዋት ሲቆፈር ጉድጓዱ ሙሉ ውሃ ነበር። ያ ሁሉ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ውሃ ነው። ፓምፕ ገዝተን ብንገጥም ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። መልሱን እስካሁን አልረሳሁትም። ፓምፕ ከመስመር ላይ በቀጥታ ሲስብ በዚያችው ቀዳዳ አየርና ጭቃ ይስባል፣ ልጆቹ የሚታጠቡበትንም ውሃ ያቆሽሻል። በዚያ ላይ የጎረቤትን ውሃ ትሻሚያለሽ አለኝ። የተበላውን ቆርጦ ጥሎ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ተካው። ያቆረውን ውሃ ካደረቀ በኋላ ጉድጓዱን በደንብ ደፍኖ ደለደለው። ባህር ዳር የወባ አገር ናት፤ አጎበር ሰቅለን ከመኝታ ቤቱ ጀርባ የትንኝ ማርቢያ ብንተው ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ ወደ ጣሪያው ወጣ። ሮቶዎቹ ውስጥ የሚገባውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ግማሽ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሌሊት ውሃ ቢመጣም የሚሞላው በጠብታ ነው። እሱን ቀየረ። የሮቶው አሠራር ይህ ነው፣ ሌሊት መሙላት፣ ቀን ከላይ ወደ ታች መልቀቅ። የሮቶዎቹን ሆድ ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። ታችኛው ክፍል ላይ የተኛው ደለል ለብቻው ታሪክ ነው። አፍስሶ፣ አስፈግፍጎ፣ በክሎሪን አጥቦ፣ ያንን ውሃ ሁሉ ደፍቶ እንደገና ሞላው። ይህ በውላችን ውስጥ አልነበረም። ለሚጠጣው አሁንም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እንጨምራለን፣ እሱም እንዳትተዉ ብሎናል።

ልጆቹ የወደዱት የሽንት ቤቱን ቀን ነው። አንድ ማለዳ ቡና እየጠጣን መጣና «በረካዋ ተርፋለች?» አለ። የምትጠጣ መስሎን ቀዳንለት። ይዟት ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ለካ ሲፎኑ ውስጥ ሊጨምራት ነው! የሲፎኑን ክዳን ከፍቶ ቡናውን ጨመረ፤ ማንም ሳይለቀው ቡናማው ቀለም ቁልቁል ወደ መቀመጫው ከወረደ ሲፎኑ ያፈስሳል። ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈስስ አንድ ሲፎን በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ሊወስድ ይችላል። በየፎቁ ስንት ሲፎን እንዳለ አስቡት። ልጆቹ በየክፍሉ ተከፋፍለው ከጀበና የተረፈውን እየለመኑ መመርመር ጀመሩ። ያን ሰሞን በሰላም ሦስተኛ ሲኒ የጠጣ አስተባባሪ የለም። አብዛኞቹ የፈለጉት አንዲት የጎማ መዝጊያ ብቻ ነበር። ያችኑ ገዝተን ቀየርናቸው።

ሁለተኛው ፎቅ ነገርስ? እዚህ ላይ ሰውየውን ይበልጥ ያከበርኩት እምቢ ስላለኝ ነው። ሻወሩ ላይ ውሃ ደርሷል፣ ግን ይንጠባጠባል። አስተካክልልኝ አልኩት። አይስተካከልም አለ። ውሃ ከአሥር ሜትር ከፍታ ሲወርድ ነው አንድ ባር የሚሆን ግፊት የሚኖረው። ሮቶው ያለው ደግሞ ከላይኛው ሻወር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። «ገንዘብሽን አትጨርሺ፣ ልጆቹን አውርጂያቸው» አለኝ። አወረድናቸው። ትንንሾቹ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ተኙ፤ ገላ መታጠቢያው ሁሉ ምድር ቤት ሆነ። ሁለተኛው ፎቅ የሥዕልና የንባብ ክፍል ሆነ። ከዚያ ላይ ሆነው ልጆቹ ደንገል የተሸከመ ታንኳ ሲያልፍ ይሥላሉ፣ አንዳንዴ ጉማሬ አየን ብለው ይጮኻሉ። አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ነው። ወላጆችም ይሄን ስላዩ ደስ አላቸው፤ ደረጃ ላይ የሚሯሯጥ ልጅ አነሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍልሰታ ገባ። ኩሽናችን በፍልሰታ ሁለት ዓይነት ድስት ይጥዳል። የሚጾም ልጅ አለ፣ የማይጾም አለ፣ ሙስሊም ልጆችም አሉ። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ክርክር አልከፍተውም፣ ዋና ምግብ አብሳያችን ከፍታው ቀኑን ሙሉ አልተዘጋም። ብቻ ሁለት ድስት ማለት ድርብ እጥበት ነው። ውሃው ባይመለስ ኖሮ እሷ ጥላን ትሄድ ነበር፣ በግልጽ ነግራናለች። ለእሷም ምስጋናችን ይድረሳት። ሽሮዋን የቀመሰ ያውቃል።

ቡሄ ዕለት ልጆቹ በየብሎኩ በር «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሲዞሩ ቧንቧ ሠራተኛው የመጨረሻ ሂሳቡን ሊወስድ መጥቶ ነበር። መንገድ ዘግተው ያዙት። ሙልሙል መስጠት ያለበት እሱ ነው፣ እነሱ ናቸው የሚጨፍሩት። እሱ ግን የያዘው ከረጢት ብቻ ነው። አንዷ ልጅ የራሷን ሙልሙል ሰጠችው። እምቢ አላለም፤ እዚያው ቆሞ በላው።

እንግዲህ ጥቆማው። ትምህርት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ኪራይ ቤት ያላችሁ፣ ይልቁንም ለወራት ባዶ የቆየ ሕንፃ ልትገቡበት ያሰባችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት እሱን አስገቡት። ርካሽ አይደለም። የእጁን ዋጋ ይጠይቃል፣ ክርክር አይወድም። ነገር ግን የሚገዛውን ዕቃ ራሳችሁ እንድትገዙ ያደርጋል፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም አምጥቶ ያሳያችኋል። ያልተበላሸ ነገር አይቀይርም። የሠራውን ለማየት ሳይጠራ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ጋ መጥቷል።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለዚያ ጥቆማ አይባልም። ስልክ አያነሣም። ሲሠራ ስልኩ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ማታ ራሱ መልሶ ይደውላል። «ነገ ጠዋት» ሲል ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሴራሚክ ማንጠፍ አይሠራም፣ የቆፈረውን ወለል የሚመልስላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። የመብራት ነገር ደግሞ አይነካም፣ ንካልኝ ብትሉትም ይቆጣል።

ፕሮክተራችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። የሥራ ሰዓቷ ካለቀ በኋላ ቁልፍ ይዛ የቆመችባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። የካምፓሱ አስተዳደርም የጥገናውን ወጪ ከኪራዩ ላይ አስቦልናል፣ ለከርሞም ብሎኮቹን ሊሰጠን ቃል ገብቷል።

የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። እሑድ አይሠራም። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቶች ይሻሙታል፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ከሆነ ከጳጉሜን በፊት ያዙት።